አውራ ጣቴን የጫንኩበት ወረቀት

ሰኞ፣ ነሐሴ 6

የጠዋት ክኒኔን ዋጥኩ። ግፊቴ ደህና ነው። የልጅ ልጄ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ... ፊደል አልቆጠርኩም። አርባ ዓመት ግን ብረት በይጃለሁ፤ የበየድኩት በር ወልቆ አያውቅም።

ብየዳ ቤቱ ደጅ ጋዜጣ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ይላል?» አለ። «ያው ነው» አልኩት። ማንበብ እንደማልችል አያውቅም። ምን አገባው?

ከምሳ በኋላ ልጅት ወረቀት አመጣች። «የመድኃኒት ቤት ነው አባባ፣ እዚህ ጋ ጫን።» አውራ ጣቴን ጫንኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

የልጅት ትምህርት ቤት አማካሪ ብየዳ ቤት ድረስ መጣች። ትምህርት የጨረሱትን ኮሌጅና ሥራ የምታስይዘው እሷ ናት።

«አባባ፣ ምነው ልጅቷን ከለከሏት?»

«ከምኑ?»

«ኮሌጁ ኤሌክትሪክ ሊያስተምራት ተቀብሏት ነበር። አልፈቅድም ብለው በጣትዎ አትመው ላኩ። ክልከላው እስከ ዓርብ ካልተነሳ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።»

ደሜ ፈላ። ቤት ገባሁና ደብተሩን አምጪ አልኳት። ይኸው አሁን እየጻፈች ነው... እጅሽ ለምን ቆመ? ጻፊ! መልስሽንም ጻፊ።

«እኔ ከሄድኩ ማን ያነብልሃል? የጠዋቱንና የማታውን ክኒን ትቀላቅላለህ።»

እኔ ነኝ እንግዲህ እንቅፋቱ? የማንም ሰበብ አልሆንም። ይህንንም ጻፊ። አታልቅሺበት፣ ቀለሙ ይፈሳል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

አልተነጋገርንም። ይህችን ብቻ ጻፊ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

የኮሌጁ መዝገብ ቤት ወረፋ እስከ ደጅ ነው። ልጅት ከኋላዬ። አማካሪዋ መንገድ ላይ አስጠንቅቃኛለች... አታለለችኝ ካልኩ ልጅቷን ይሰርዟታል።

መዝጋቢው ቀና አለ። «ሰኞ አልፈቅድም፣ ዛሬ ፈቀድኩ? ያኛውን ማን ነው ያነበበልዎት?»

ምን ልበል?

«ማንም። የማነብ መስዬ ጫንኩ።»

አላመነኝም። ሌላ ወረቀት ወደ እኔ አዞረ። «ይሄ ምን ይላል?»

«አላውቅም። ፊደል አላውቅም!»

ከተሰለፉት ወላጆች አንዱ ድሮ ብየዳ ያስተማርኩት ሰው ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ አልተከልኩም።

«በል አሁን የመፍቀጃውን አንብብልኝ» አልኩት መዝጋቢውን። ሁለቴ አስነበብኩት። ከዚያ ጫንኩ።

«ገብታለች» አለ።

ሰኞ፣ መስከረም 6

ፊደሉ የተንሻፈፈው የሚጽፈው ፀጉር አስተካካዩ ስለሆነ ነው። ይክፋው።

ልጅት ትናንት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። የጠዋቱን ክኒን ዕቃ በቀይ፣ የማታውን በጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ጠቅልላልኛለች። ቀዩን ከፍቼ ዋጥኩ። አልቀላቀልኩም።

ከዚያ እንደ ልማዴ ጋዜጣዬን ይዤ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ይላል?»

ዘርግቼ ሰጠሁት። «እስቲ አንብብልኝ።»

መቀሱ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።