የሰጠሁሽ ክትክታ ነበር

ጥቅምት 21 ቀን 1974 ዓ.ም.
አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለሐረገ ወይን፤

እንዴት ከርመሻል? የደብረ ዘይት ሙቀት ተስማማሽ ወይ? እኛ እንዳለን አለን። አባትሽ ዋሴም ደህና ነው፤ ቢያኮርፍም ይበላል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። መሠረተ ትምህርት ያስተማረችኝ ልጅ «እትዬ ደጊቱ፣ ፊደልዎ እንደ በግ መንጋ ተበተነ» ትለኝ ነበር፤ እስካሁንም አልተሰበሰበልኝ።

ደብዳቤሽን ጓሮ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከእኔ የወሰድሽውን የበግ መድኃኒት የከብት ሕክምና አስተማሪሽ ትል ለያዛቸው በጎች አጠጥቶ፣ በጠጣቸውን በመሣሪያ ቢያይ የትሉ እንቁላል እንደነበረ ነው ማለቱን፣ ጓደኞችሽ መሳቃቸውን አየሁ። አንቺ ግን ተነሥተሽ «እናቴ ያገሩን በግ ስታድን አይቻለሁ፤ እናቴ አትዋሽም» አልሽ። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍሁት።

ልጄ፣ እናትሽ ዋሽታለች። በክረምት ወቅጬ በጨርቅ ቋጥሬ የሰጠሁሽ ተራ የክትክታ ቅጠል ነበር።

መድኃኒት አዋቂ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁ። አያትሽ ገብረ ሕይወት ሲነግረኝ አስምሎኛል፤ «ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፤ ለጠየቀሽ ሁሉ ሌላ ቅጠል ስጪ» ብሎ። ለአባትሽ እንኳ አልነገርሁትም። ደግሞ ልንገርሽ፣ ሰው በጉን እየነዳ ደጄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ያች ባለሱቋ ከሪማ፣ ፍየሎቿ አገጫቸው ሥር ውሃ ቋጥረው ሊያልቁባት ሲሉ ካዳንሁላት ወዲህ፣ ገበያ በዋለች ቁጥር ሳትጠይቀኝ አታልፍም። መድኃኒቱን ብታውቀው ኖሮ ትመጣ ነበር ወይ እላለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ለአክስቴ ተዝካር ስማዳ ሄድሁ። እኔ በሌለሁበት በጎቹ ያስቀምጣቸው ጀመር። አባትሽ መድኃኒቱን የምደብቅበትን ቅል ፈልጎ አገኘ። ጥቂቱ ካዳነ ብዙው አብልጦ ያድናል ብሎ ለሦስቱ በጎች ሁለት ሁለት እፍኝ በጥብጦ አጠጣቸው። ሁለቱ እርጉዝ ነበሩ፤ ጨነገፉ። ሦስተኛዋ፣ አንቺ ያሳደግሻት ቦቃ፣ ሞተች። ስመለስ ጋጣው በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ነበር ያልነገርሽኝ?» አለኝ።

«መጠን አለው። ለእርጉዝም አይሰጥም።»

«ይህን መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠየቅሁሽ እንጂ! ስትስቂብኝ አይደል የኖርሽ?»

እውነቱን ነው። ቦቃዋን የገደላት እሱ አይደለም።

ስለዚህ ስሚኝ። ቀጨሞ ነው። ወደ ወንዝ ስንወርድ ዘወትር የምናልፈው ቁጥቋጦ። ቅጠሉ ሳይሆን ፍሬው፣ ደርቆ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጧት በጉ ሳይሰማራ። ለትልቅ በግ እፍኝ ሳይሞላ፣ ለጠቦት የዚያ ግማሽ፣ ለእርጉዝ በፍጹም። እፍኝ ስልሽ ግን የእኔን እፍኝ ነው፤ እናንተ ሚዛን አላችሁና መዝኑት።

አያትሽስ ከማን ተማረው መሰለሽ? ከፍየል! ሆዷን የታመመች ፍየል ከመንጋው ተለይታ የቀጨሞ ፍሬ ስትለቅም አይቶ፣ በማግሥቱ በጠጧን እየተከተለ ትሉን አየ። ፍየሏ መቼ አስማለችው? ከፍየል ያገኘውን ከሰው ደበቀ፤ እኔም ከልጄ።

ትናንት ስሙን ለአባትሽ በአፌ ጠራሁለት። «ይኸ እሳት የማቀጣጥልበት?» ብሎ ሳቀ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። ዛሬ ጧት ለታመመው ሙክት በልኩ ሰጠነው። ስሙ ተጠርቶም ይሠራ እንደሆን ገና አላወቅሁም፤ ውስጤ ይፈራል። ግን ከሪማ ሸቀጥ ልታመጣ አዲስ አበባ ልትሄድ ተነሥታለች፤ ደብረ ዘይትም ብቅ እላለሁ ስላለችኝ ደብዳቤውንና ፍሬውን በእጇ ሰጠኋት። ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ለእሷም ነገርኋት። «ይኸን ነው እንዴ!» ብላ ጭኔን መታችኝ።

አስተማሪሽን እንደገና ሞክርልኝ በይው። የዋሸችው እናቴ ናት፣ መድኃኒቱ አልዋሸም በይው። የሳቁብሽ ልጆች ሁሉ ባሉበት በይው፤ እኔ አላፍርም። አንቺ በእኔ ከምታፍሪ እኔ በራሴ ልፈር።

ኪዳነ ምሕረት ከፊትሽ ትቅደምልሽ። እጅሽ የነካው ከብት ይዳን፣ የተማርሽው ይባረክልሽ። ከእንግዲህ የምትለምኚኝ መድኃኒት አልቀረኝም። እንዲያው ግን ጻፊልኝ።

እናትሽ ደጊቱ ገብረ ሕይወት