ቁጥር የሌላት ካርድና አርብ በመዶሻ የሚሰበሩት ዲስኮች

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሙሉሃብት፣ የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ቆጠራና ማስወገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ላሊበላ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ የእርስዎና የኮሚቴው አባላት ጤና እንደ ቆጠራ መዝገባችሁ ጉድለት የማይገኝበት እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ ከሰርቨሩ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ከተቀጠርሁ ገና ሰባት ወሬ ነው፤ እርስዎ በር ላይ ስድስት ሳምንት መመላለስ የሙያው አካል መሆኑን ያስተማረኝ መምህር አልነበረም።

አንደኛ፤ በሐምሌው ቆጠራ ኮሚቴው ወንበሩንም፣ የግድግዳ ሰዓቱንም፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም በቀይ ቀለም ቁጥር እየጻፈ ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርስ፣ ክዳኑን ከፍቶ ሆዱን ጭምር በመመርመሩ ትጋቱን ሳላደንቅ አላልፍም። በውስጡም ቁጥር ያልተጻፈባት መዳፍ የምታህል ካርድ ቢያገኝ፣ «ቁጥር የሌለው ነገር የመሥሪያ ቤቱ አይደለም» በሚለው መመሪያ መሠረት ነቅሎ፣ ባለቤት ያልተገኘለት ዕቃ ብሎ ግምጃ ቤት አስገባት። ያቺ ካርድ ግን መረጃው የተቀመጠባቸውን አራት ዲስኮች ከማሽኑ ጋር የምታገናኝ ድልድይ ነበረች። ድልድይ ሲነሣ መሻገሪያው ይጠፋል እንጂ ማዶ ያለው አገር አይጠፋም።

ሁለተኛ፤ በማግስቱ ሰርቨሩ ቢበራ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ «ዲስክ አልተገኘም» አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ኃይሉን ለካሁ፣ ሲስተሙን ከፍላሽ አስነሣሁ፤ ያው ነው። አንዱን ዲስክ አውጥቼ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ብሰካው፣ ከወንድሞቹ ተለይቶ ባይነበብም ወዲያው ታወቀ፤ ጤነኛ ነው። በመጨረሻ ክዳኑን ብከፍት አቧራ ያልነካው ባዶ ቦታ አገኘሁ። ይህንኑ በሦስት ገጽ ባስረዳ፣ ኮሚቴው ጊዜዬን ለመቆጠብ በሁለት መስመር መለሰልኝ፦ ሲስተሙ የማያያቸው ዲስኮች አገልግሎት ስለማይሰጡ አርብ በመዶሻ ተሰባብረው ይወገዱ። እንዲህ ከሆነ እኔም ስድስት ሳምንት ሙሉ በርዎ ላይ ቆሜ አልታየሁምና፣ ስሜ ከመዶሻው ዝርዝር ስለቀረ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ጋሻዬ መመሪያ እንደ ጾም የሚያከብሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ካርዷ ያቻት መደርደሪያው ላይ፤ በዓይንሽ ጥገቢ። ለማውጣት ግን ሞዴል 20 ላይ ቁጥሯን ትሞያለሽ» አሉኝ። ቁጥር የሚሰጠው ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ የየትኛው ማሽን መሆኗ ካልተረጋገጠ አይሰጥም፤ ማሽኑ እንዳይመሰክር ካርዷ የለችው።

አራተኛውን እንኳ በቁጥር ባልጠራው ይሻላል። መሪጌታ ቢተው ከብልባላ ወዲያ ካለች ትንሽ ደብር ብራናዎቻቸውን በአህያ ጭነው አምጥተው፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ሠራተኞች ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንሥተውላቸው ነበር። በዚህ ክረምት የደብሩ ዕቃ ቤት ጣራ አፍስሶ ግማሹ ብራና ቀለሙ ታጥቦ ሄደ። ከታጠበው የተረፈው እነዚያ አራት ዲስኮች ላይ ያለው ምስል ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለንም፣ መጠባበቂያ ዲስክ የጠየቅሁበት ደብዳቤም እርስዎ ጠረጴዛ ላይ በክብር ተቀምጧል። ሰኞ ዕለት መሪጌታ በእግራቸው መጥተው፣ «ምስሉ አለ አይደል ልጄ? ጠፍቶ እንደሁ ቁርጡን ንገሪኝና ልረፍ» አሉኝ። አለ አልኋቸው። ለካህን የሰጠሁትን ቃል በመዶሻ እንዳያስዋሹብኝ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ካርዷን ቢሰጡኝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ለእስካሁኑ ትዕግሥትዎ፣ ይልቁንም የእኔን ትዕግሥት ስላሠለጠኑበት ረጅም ጊዜ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በቀይ ቀለም እስክትቆጠር ድረስ በሥራዋ ላይ ያለች፣
ታዛዥዎ ፋና ኢያቄም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዲስኮቹ እንዲሰበሩ ያዘዙበት ወረቀት የደረሰኝ የወጪ ቁጥር ሳይጻፍበት ነው። ቁጥር የሌለው ነገር የመሥሪያ ቤቱ ስላልሆነ ዛሬ ጠዋት ለአቶ ጋሻዬ አስረከብሁት፤ እሳቸውም በሞዴል 19 ፈርመው ተቀብለው ከካርዷ ጎን አስቀምጠውታል። እስኪወጣ ድረስ የሚፈጸም ትእዛዝ የለንም። ሊያስወጡት ቁጥር ይዘው ሲመጡ፣ እግረ መንገድዎን ለካርዷም አንድ ይያዙላት።