ዋስ ያጣው ዳኛ

መቐለ፣ ጥር ፲፱፻፴፬
ሰኞ
ዛሬም እናትና አባቴ አልተነጋገሩም። እናቴ ምሳውን አቅርባለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ወንድሜ ሐጎስ በአምባላጌ መንገድ ሥራ ድንጋይ ተንዶበት ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነን። ቃል አመላላሿ እኔ ነኝ፤ «ጨው አንሶታል በያት»፣ «ራሱ ይጨምር በይው»። ኤጭ፣ ሰለቸኝ!

አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ ያገባ ሰው ነው። በጣሊያን ጊዜ የሰፈሩ ዳኛ ነበር። ለመንገድ ሥራ ከየቤቱ ሰው አውጣ ሲሉት፣ አዳላ እንዳይባል አስቀድሞ የገዛ ልጁን አወጣ። አሁን ጣሊያን ሄዶ አዲሱ ሹም ዳኝነቱ እንዲጸናለት ከሰፈሩ ዋስ ይጥራ ብሏል። ጉባኤው ሐሙስ ነው።

ማክሰኞ
ዋስ ሲለምን ዋለ። የክርስትና አባቴ አቦይ ገብሩ ጉልበቴን አሞኛል ብለው ላኩበት። ለዋስነት ጉልበት ምን ያደርጋል? የወሎው ጨርቅ ነጋዴ አቶ ይማም ግን የአገሩ ሰው ዝም ሲል እኔ እንግዳው ምን ብዬ ልነሣ አሉት። እሳቸው እንኳ እውነቱን ተናገሩ።

ረቡዕ
ጋቢውን አጠብኩለት። እኔም ተቀይሜዋለሁ፤ ሐጎስን የላከው እሱ ነው። ሲዋረድ ማየት ግን አልችልም። እናቴን ነገ ትመጫለሽ ወይ ብላት ማድጋዋን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ሐሙስ
ሰፈሩ ሁሉ ዳዕሮው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። አባቴ እንደ ደንቡ ቆሞ ዋስ ጠራ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ደግሞ ጠራ። አቦይ ገብሩ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ለመምጣቱስ ጉልበት አላነሳቸውም። ሦስተኛ ሲጠራ እናቴ በከል ልብሷ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። «ከልጆቻችሁ በፊት ልጄን ነው የላከው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሹሙ አንገቱን ደፋ። ባልና ሚስት አንድ ቤት ናቸውና ሚስት ለባሏ ዋስ አትሆንም አለ። እሷም ታውቃለች፤ አባቴ ራሱ በዚሁ ደንብ ስንቷን ሚስት መልሷል። ዳኝነቱ ለሌላ ተሰጠ።

ዓርብ
ከትናንት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አቤት የሚለው የለም። ባንድ ቀን አረጀብኝ፣ አንጀቴን በላው።

የጾም መፍቻው ሲደርስ፣ እናቴ ልትልከኝ ነው ብዬ ብድግ አልኩ። ራሷ ልትጠራው አልፋኝ ወጣች።

«ንዓ፣ ብላዕ» አለችው በትግርኛዋ።

ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሽሮው ዛሬም ጨው አንሶታል፤ ሁለቱም እያለቀሱ በሉት።