የእህቴን መርዶ ጥርስ ሐኪም ቤት ሰማሁ

ኦስሎ፣ ሐሙስ ማርች 9፣ 1995

ከትምህርት ቤት በቀጥታ የተቦረቦረ መንጋጋዬን ላስሞላ ግሮሩድ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ማደንዘዣ ወጋችኝ። ድዴ እስኪደነዝዝ ስንጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮህን አባትህ ጠዋት ደውሎ አራዝሞታል። እህትህ በመሞቷ በጣም አዝናለሁ» አለችኝ።

ያለችኝ አንድ እህት ናት፤ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ የቀረችው ሂሩት። ግን «የትኛዋ እህቴ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሴትየዋ ክው አለች። እኛ ቤት መርዶ ተደብቆ እንደሚቆይ በምን ታውቃለች? አባዬም ለክሊኒኩ ሲናገር ወሬው እኔ ጋ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። ጥርሴን ሳላስሞላ ተነሳሁ።

ከእነሱ ስልክ አባዬ ሥራ ቦታ ደወልኩለት። «እናትህ አልሰማችም። ቅዳሜ ማለዳ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ያረዷታል። እስከዚያ ፊቷ እንዳታለቅስ፣ አደራ ልጄ» አለኝ።

ቤት ስገባ እማዬ የተጣመመ አፌን አይታ በሳቅ ሞተች።

«ውይ ልጄን! አፍህን ምን አደረጉት? ቆይ፣ ለሂሩት ደውዬ ልንገራት!»

ስልኩን ስታነሳ እጇን ያዝኩት። «አሁን ጥናት ላይ ናት፣ እማዬ።»

«እውነትህን ነው፣ አልረብሻትም። ማታ እንደውልላታለን» ብላ ወጥ ቤት ገባች።

የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ነገስ ምን እላታለሁ?