ስልሳ ሦስት ጊዜ ይቅናሽ

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ከጠዋት ጀምሮ የወረዳዎችን ሪፖርት ወደ ኮምፒዩተር ሳስገባ ዋልሁ። የአንዱ ወረዳ ቁጥር አልደመር አለኝ። ሦስቴ ደመርሁት፣ ሦስቴም ሌላ ቁጥር መጣ። ወረዳውን ስራገም ቆይቼ ሳየው አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

አለቃዬ አቶ ይሻው አስጠሩኝ። ባለፈው ወር የተፈተንሁበት የንፋስ መውጫው የሥራ ቦታ ለእኔ ሆኗል። ቋሚ! እስከ መጋቢት 19 እሺ ወይም አልፈልግም ብዬ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብኝ። እዚህ ያለው ኮንትራቴ መጋቢት 30 ያበቃል፣ አይታደስም። «ደስ አይልሽም እንዴ?» አሉኝ። ይለኛል። ግን እማን ብቻዋን ጥዬ... አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቢሮው ሰው በሶ በጠበጥሁ። እትዬ ጌጤ፣ የእማ ታላቅ እህት፣ የሠሩት ነው። ለቁጥጥር ከባሕር ዳር የመጣው ሰውዬ አንዱን ብርጭቆ ጨርሶ ሁለተኛ ጠየቀ። «ይሄ እኛ ዘንድ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። በቴሌግራም ብትሸጪው ሀብታም ነሽ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሰው ጫማ ይሸጣል፣ ሽቶ ይሸጣል። በሶ ለምን አይሸጥም? ንፋስ መውጫ ሳልሄድ፣ እማም ብቻዋን ሳትቀር...

ዓርብ፣ የካቲት 21

ቻናል ከፈትሁ። «የታቦር በሶ» አልሁት። ፎቶ አነሳሁ። በሶ ፎቶ ላይ አያምርም፣ አፈር ይመስላል። ብርጭቆ ውስጥ በጥብጬ በመስኮት በኩል ሳነሳው ትንሽ ተሻለ።

ስልኬ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ጻፍሁ። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች፣ ባሕር ዳር ላሉት፣ አብረውኝ ለተማሩት፣ ለማኅበርተኞች። «የደብረ ታቦርን በሶ ያላችሁበት ድረስ ብልክ ምን ይመስላችኋል?» አንዱን መልእክት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ላክሁት።

ገና ስልኩን ሳላስቀምጠው መጣ! «ጎበዝ! ይቅናሽ!» «ምን የመሰለ ሐሳብ ነው፣ ይቅናሽ የኔ እመቤት!» «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

እሑድ፣ የካቲት 23

ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ ቆጠርሁ። የመለሱልኝ ስልሳ ሦስት ሰዎች። ስልሳ ሦስቱም ይቅናሽ ብለዋል። የተቃወመ አንድም የለም። በሰንጠረዥ አስገባሁት፤ ስም፣ ከተማ፣ መልስ። በሥራዬ ዘመን እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁጥር አይቼ አላውቅም። አንዱ ሰው በወር ሁለት ኪሎ ቢወስድ እንኳ... ለመፈተጊያ ተጨማሪ ሰው ሁሉ ልቀጥር ነው።

ለእማ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ዐየችው።

«ገብሱን የሚፈትገው ማነው?» አለችኝ።

«እትዬ ጌጤ ናቸዋ።»

«ጠይቀሻቸዋል?»

አልጠየቅሁም። ስልሳ ሦስት ሰው ጠይቄ እሳቸውን ረሳሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ከገሳይ ገበያ ነጭ ገብስ አስመጣሁ። እትዬ ጌጤ ጋ ሄድሁ። ገብሱን ውኃ አርከፍክፈው፣ ሙቀጫ ውስጥ ፈትገው፣ አበጥረው፣ ቆልተው... እኔም ዘነዘናውን ያዝሁ፣ ግን ከሃያ ምት በኋላ ነጠቁኝ። «ልጄ፣ አንቺ ኮምፒዩተሩን ምቺ» አሉኝ።

«ለማነው ይህን ያህል?» አሉ።

«ለብዙ ሰው ነው፣ እትዬ። አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም።»

«ይሁን፣ ስንቅ ጽድቅ ነው።»

የድካምዎን እከፍልዎታለሁ ብላቸው ሳቁብኝ። እኔም ነገሩን አላብራራሁም። ለምን አላብራራሁም? ያወቁ መስሎኝ። አይ... እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ ማንም አያነበው። «መሸጥ» የምትለዋ ቃል እሳቸው ፊት አልወጣ ብላኝ ነው።

ማታ ለስልሳ ሦስቱ ላክሁ። «በሶው ዝግጁ ነው። የሚያዝ ሰው ቅድሚያ በቴሌብር ይክፈል።»

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ምን ዓይነት ቀን ነው!

በጠዋቱ መልስ መጣ። «እሺ እናያለን።» «ከፋሲካ በኋላ ብናወራስ?» «ውይ ናፍቆኝ ነበር፣ ለኔም ትንሽ በሰው ላኪልኝ።» በሰው ላኪልኝ ያሉት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ናቸው! በሰው ላኪልኝ ማለት በነጻ ማለት ነው፣ ይህን ለማወቅ መማር አያሻም። የከፈለ... አንድም የለም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጌጤ መጡ። ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። በር ላይ ቆመው፦

«ትዝታ፣ ለልጄ ስንቅ ልትሸጪለት? እኔው ፈትጌ፣ እኔው ቆልቼ?»

ልጃቸው ሙሉቀን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ከስልሳ ሦስቱ አንዱ ነው። ለካ ደውሎ «እማዬ፣ የአንቺም በሶ በገንዘብ ሆነ እንዴ?» ብሏቸዋል። በቀልድ ይሆናል። እሳቸው ግን በቀልድ አልሰሙትም።

«እትዬ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለላክሁ ነው፣ እሱን ለይቼ...»

«ከሁሉም አለየሽውም ማለት ነዋ!»

ሄዱ። እማ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አንድም ቃል አልተናገረችኝ። ቢያንስ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

እማ ይዛኝ ሄደች። የእትዬ ጌጤን ጉልበት ሳምሁ። ክንዴን ይዘው «ተነሺ፣ ወለሉ ይበርድሻል» አሉኝ።

ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ። «ለዘመድ ከሆነ አልፈትግም። በገንዘብ ስንቅ የላኩ እናት ተብዬ ስሜ አይጠራም። ለባዕድ ከሆነ ግን ምን ገደደኝ? ባዕድ እናቱ ሩቅ ናት፣ ከየት ያምጣ?»

ስመለስ ሰንጠረዡን ከፍቼ ዐየሁት። ስልሳ ሦስት ይቅናሽ። ይቅናሽ እኮ ምርቃት ነው! እርሻ ለሚወጣ፣ መንገድ ለሚጀምር ሰው ሁሉ ይቅናህ እንላለን። እህልህን እገዛሃለሁ ማለታችን ነው እንዴ? ሰው ያሰበውን ሲነግርህ አይሆንም ማለት ነውር ነው። እኔስ ስንቱን ይቅናህ ብያለሁ? ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ፀጉር ቤት ልከፍት ነው ስትለኝ አቅፌ መርቄያት፣ አንድ ቀን እንኳ አልተሠራሁባትም።

ስልሳ ሦስት ሰው መረቀኝ፣ እኔ ትዕዛዝ ብዬ መዘገብሁት። የሚያናድደኝ ደግሞ ስልሳ ሦስቱም ዘመድና ወዳጅ ናቸው፣ በሶ ከእናታቸው የሚላክላቸው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ከእንግዲህ ሐሳብ አልጠይቅም። እሸጣለሁ። ለማላውቀው ሰው ብቻ።

መጀመሪያ የገዛውንም አልቆጥርም፣ ሰው ለማየት ይገዛል። ሳልጠይቀው ተመልሶ የመጣውን ነው የምቆጥረው። እስከ መጋቢት 18 እንዲህ ያሉ አምስት ሰዎች ካገኘሁ ንፋስ መውጫን እንቢ እላለሁ። ካላገኘሁ እሄዳለሁ። ለምን አምስት? እንጃ። ትልልቅ ቁጥር አስጠልቶኛል።

ለእማ ነገርኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«አምስት ብቻ?» አለች።

«አምስት ብቻ።»

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ኢንተርኔት የለም። ለኦንላይን ነጋዴ የሚበጅ ቀን ነው... ማስታወቂያውን በወረቀት ጽፌ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ላይ ለጠፍሁት። ስልክ ቁጥሬን ከሥር ደገምሁት።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ዘጠኝ ሰው ገዛ! ከአንድ የባሕር ዳር ሰው በቀር ሁሉም እዚሁ ደብረ ታቦር ያሉ ናቸው። መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ። አንዷ ደግሞ ዓለሚቱ የምትባል ሴት ናት፣ ባለባጃጅ አስደውላ አዘዘችና እሱኑ ላከች። በየማሸጊያው ላይ የገዢውን ስም በእጄ እጽፋለሁ።

ከመምህራኑ አንዱ፣ ከአርባ ምንጭ የመጣው፣ ማታ ደወለ። «ይቅርታ እህቴ፣ አልፈላልኝም» አለ። ለካ እንደ አጥሚት ጥዶታል! በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚበጠበጠው ብዬ ሳስረዳው ስልኩ ውስጥ ሲሳሳቁ የሰማኋቸው ጎረቤቶቹ ናቸው መሰለኝ።

ባሕር ዳር የላክሁት አንድ ፌስታል አምስት ቀን ፈጅቶ ደረሰ። መንገድ ተዘግቶ ነበር። ገዢው ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ነርሷ ተመልሳ ደወለች። አንድ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአርባ ምንጩ መምህር። «አሁን ገባኝ» አለ። ሁለት።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

አራት ሆኑ! ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ቻናሉ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አለ። ከነዚያ ውስጥ ያዘዘ የለም። ያዘዙኝ ሁሉ ደውለው ነው። ታዲያ ይሄ ኦንላይን ነው ወይስ ጉሊት?

ቢሆንም አራት ነው። አንድ ይቀረኛል። ዛሬ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሮጬ አነሳሁት፤ አንዱ የዕድር መልእክተኛ፣ አንዱ የተሳሳተ ቁጥር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

አምስት!!

ዓለሚቱ። ደግማ ሁለት ኪሎ አዘዘች። ባጃጁ መጥቶ ወሰደው። እኔ እኮ ሳልጠይቃት! ለእማ እየሮጥሁ ነገርኋት። «እሰይ!» አለች። እንዲህ ፊቷ በርቶ ካየሁት ቆይቷል። ለአቶ ይሻው የምሰጠውን የእንቢታ ደብዳቤ ጻፍሁ። ነገ አትሜ ዓርብ አስገባዋለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

እማ ሰዓታት ቆማ ልትመለስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ምስር ልቀቅል ብዬ ጓዳ ገባሁ። የዱቄቱን ማዳበሪያ ሳነሳው ከጀርባው ሁለት እሽግ አገኘሁ። የኔ ማሸጊያ። በኔው የእጅ ጽሑፍ፣ ዓለሚቱ። ሁለተኛውም፣ ዓለሚቱ። አልተከፈቱም።

ምስሩን ትቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ።

ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ ዐየቻቸው። ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።

«ማናት ዓለሚቱ?»

«ቅጠል የምትሸጠው ወዳጄ። ስሟን ነው የተዋስሁት፣ ባለባጃጁን ነው ያስደወልሁት፣ እሷ ምንም አታውቅ።»

«ለምን እማ?»

ነጠላዋን አውርዳ ተቀመጠች።

«አትሂጂ ብልሽ እንጀራሽን ዘጋሁብሽ። ሂጂ እንዳልልሽ ደግሞ... አፌ እንቢ አለኝ። አምስት ብቻ ስትዪ ሰማሁና፣ አንዷን እኔ ብሆንስ አልሁ።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን አስቢው፣ ይህች ሴት በገዛ እህቷ የተፈተገ በሶ በሰው ስም ገዝታ ጓዳዋ ውስጥ ትደብቃለች። ያንን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለችው ሳይገዳት ቀርቶ መስሎኝ ነበር። አለቀስን። ከዚያ አንዱን እሽግ ከፍተን በጥብጠን ጠጣን፣ ምስሩም ሳይቀቀል ቀረ።

ቁጥሩ ግን አራት ነው። ለእማ ብዬ አምስት ልለው አልችልም። እሷንም አልኋት። «አውቃለሁ» አለች። «አንቺ ሒሳብ ላይ መቼ ታዝኛለሽ?»

ዓርብ፣ መጋቢት 19

የእንቢታውን ደብዳቤ ቀድጄ የእሺታውን አስገባሁ። አቶ ይሻው ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡኝ።

አራቱን ደንበኞች ምን ላድርጋቸው? ለኔ ከሥራ የሚያስቀር ንግድ አይደለም። ሲመለሱ ግን ባዶ እጃቸውን እንዲሄዱ ልቤ አልፈቀደም። ስልካቸውን በወረቀት ጽፌ ለእትዬ ጌጤ ወሰድሁ።

«ዘመድ ናቸው?» አሉ።

«አንድም ዘመድ የለባቸውም።»

«እንግዲያ አምጪው።» ከዚያ ወደ እማ ዞር ብለው፣ «አንቺስ? እኔ ብቻዬን ነው የምወቅጠው?»

እማ እኔን ዐየችኝ። ምን ታየኛለች? የተጠየቀችው እሷ ናት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16
ንፋስ መውጫ

ይህን ከተማ እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው አልዋሸም። ቢሮ ውስጥ ጋቢ ለብሼ ነው የምሠራው። ቋሚ ሠራተኛ ነኝ... ቃሉ ገና አፌን ይሞላኛል።

የአርባ ምንጩ መምህር ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አውርቶ እትዬ ጌጤ ጋ የሚያዙት አሥራ አንድ ደርሰዋል። በስልክ ብቻ። ቻናሉን ዘጋሁት። ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ይቅር ይበሉኝ።

ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለእማ እደውላለሁ። ሁልጊዜ «አንቺ ዝጊው»፣ «አይ አንቺ ዝጊው» ስንባባል ካርዴ ያልቃል። ዛሬም ደወልሁ። ከበስተኋላዋ የዘነዘና ድምፅ ይሰማል፣ እትዬ ጌጤ በአንድ ነገር ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። በኋላ ደውዪልኝ፣ የነርሷን እየፈተግን ነው፣ እጄ እርጥብ ነው።»

ዘጋችው። እማ! ቀድማኝ ስልክ ስትዘጋ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ስልኩን ይዤ ቆምሁ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሆድ ባሰኝ። ማን ማንን ነበር ብቻዋን ትቀራለች እያለ ሲጨነቅ የከረመው?

አንድ ሰዓት ላይ መልሼ ደወልሁ። መስመሩ ተይዟል።