ሳምቡኩ ውስጥ የኖርንባቸው ሁለት ዓመታት

የኔ ተስፋዬ፣

ከተለየኸን ይኸው አራተኛ ዓመትህን ያዝክ። አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ርቀኸኝ ስለማታውቅ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ዛሬ የምጽፍልህ በሕይወት ሳለህ ያልነገርኩህ አንድ ነገር ስላለ ነው። እሱን ለማለት አቅም እስካገኝ የቤቱን ላውራህ።

አሁን ያለነው እዚሁ አሰብ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮችን ልብስ አጥባለሁ። ልጅህ ትዕግሥት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትቆጣ የታች ከንፈሯን ነክሳ ዝም ትላለች፤ ማንን እንደምትመስል አንተው ታውቃለህ። ጀልባ ሠሪው ጋሽ ሑመድ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የሚለዩኝ። ሳምቡኩ፣ ያ የእንጨት ጀልባችን፣ ግን ከእኛ ጋር የለም።

የወደቡ መጠገኛ፣ ኦፊቺናው ውስጥ ከመሰላል ወድቀህ እግርህ የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከሥራ ስትቀነስ የሠራተኛውንም ቤት ልቀቁ ተባልን። ደሴ ወደ አባትህ ቤት እንመለስ ብዬ ለመንኩህ። "በሁለት እግሬ ወጥቼ በአንድ እግሬ አባቴ ደጅ አልቆምም" አልከኝ። በዚያው ሰሞን ነው አገሩ የሚመለሰው የመናዊ ነጋዴ ከወደቡ ወዲያ አሸዋ ላይ የተጋደመውን አሮጌ ሳምቡክ "ለማገዶ ይሁንህ" ብሎ የሰጠህ። አንተ ማገዶ አልታየህም። ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር ከጥዖ ዓሣ እየጫነ አሰብ የሚመላለስ ጀልባ ነበር የታየህ።

ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ገባንበት። ጣሪያችን ሸራ፣ ግድግዳችን ትል የበላው ሳንቃ ነበር። ጀልባው በአንድ ጎኑ ስላዘነበለ ጠዋት ስንነሳ ሦስታችንም አንድ ጥግ ተከምረን እንገኛለን። አንተ ከሥር ሆነህ "እናንተ ሰዎች፣ ልትገድሉኝ ነው!" ትላለህ፤ ትዕግሥት በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ ግን ሁልጊዜ አልሳቅኩም። በሐምሌ ሙቀት ምስማሩ እጅ ያቃጥላል፤ ቀትር ላይ እስከ አንገታችን ባሕር ውስጥ ገብተን ነበር የምንውለው። ስንት ጊዜ አለቀስኩብህ። አንተ እግርህን እየጎተትክ የበሰበሰውን ሳንቃ ትነቅላለህ፣ አዲሱን ልገህ ትመታለህ። ጥዖ ላይ ጀልባ ሲሠሩ ያረጁት አፋሩ ጋሽ ሑመድ ጥላ ሥር ተቀምጠው በዱላቸው ያመለክቱሃል። በሳንቃዎቹ መካከል ዘይት የጠጣ ጥጥ ስትጠቀጥቅ "አታስጨንቀው፤ ውሃ ሲያገኝ ራሱ ያብጣል" ይሉህ ነበር። እንደዚያ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን።

እንግዲህ ልንገርህ።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቦኖ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ ነበር። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ቀለዱብኝ። አንዷ "አንቺ፣ ከዓሣ ጋር እስከ መቼ ልትኖሪ ነው?" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ደሜ ፈላ። "ሳቂ! ባሌ የሠራው ጀልባ የመን ድረስ የሚያደርስ ነው" አልኳት። የእጅህን ሥራ ማወደሴ ነበር እንጂ ሌላ አላሰብኩም። እንስራዬን ሞልቼ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። አንተ የመጨረሻውን ስንጥቅ ትደፍን ነበር። አንደኛው "የመን መቼ ነው የምትሻገረው?" አለህ። ቀልድ መስሎህ "ጥዖ ካደረሰኝም ስለት አለብኝ" ብለህ ሳቅክ። እነሱ አልሳቁም፤ በባሕር የሚኮበልለውን የሚያድኑ የደኅንነት ሰዎች ነበሩ። መዶሻውን ለእኔ ሰጥተህ "ጥጡን ፀሐይ እንዳያደርቀው ሸራውን አልብሺው" አልከኝና አብረሃቸው ሄድክ።

የመን የሚለው ቃል ከአፌ የወጣ መሆኑን እዚያው አውቄዋለሁ ተስፋዬ። "እኔ ነኝ ያልኩት፣ ጉራ ነው" ማለት እችል ነበር። ትዕግሥት ቀሚሴን ይዛለች፤ እኔንም ከወሰዱኝ ማን ያሳድጋታል ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊት፣ ልጄንም ከማሰቤ በፊት፣ ለራሴ ነው የፈራሁት። መዶሻውን ይዤ ዝም አልኩ።

አምስት ወር እስር ቤቱ ድረስ ምግብ አመላለስኩ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በላልኝ ብዬ እጽናናለሁ። በመጋቢት አንድ ቀን ያመጣሁት እንዳለ ተመለሰ፤ በረኛው ዓይኔን ሳያይ "ከእንግዲህ አታምጪ" አለኝ። ሸሚዝህንና ቀበቶህን ሰጡኝ። መቃብርህን አላሳዩኝም።

የቀረውን ስንጥቅ ከጋሽ ሑመድ ጋር እኔ ደፈንኩት። ሌላ ማደሪያ አልነበረንም፤ ደግሞም እንዲያ ተከፍቶ ማየቱን አልቻልኩም። ባሕሩ የሞላ ዕለት ዓሣ አጥማጆቹ "ያ አላህ!" እያሉ ገፉልን፤ ተንሳፈፈ። አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ አላስገባም። ጋሽ ሑመድ አሸዋው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሳምንት ሳይሞላው ጀልባው ለመንግሥት ሥራ ይፈለጋል ተብሎ ተወሰደ። ዳር ቆሜ አየሁት፤ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። የእጅህ ሥራ ነውና ኮራሁ፤ በመኩራቴም አፈርኩ።

ባለፈው ሳምንት ትዕግሥት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። አንድ ልጅ "አባትሽ ከሃዲ ነው፤ ሊኮበልል ሲል ተያዘ" ብሏታል። አላስቻለኝም። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቦኖው ጋ ያልኩትንም፣ ዝም ማለቴንም። ተነሥታ ወጣች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ያቀረብኩላትንም ትታ ጎረቤት ሄዳ ትበላ ነበር።

በአራተኛው ቀን ልብስ ሳሰጣ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። "አባዬ ጀልባውን ምን ቀለም ሊቀባው ነበር?" አለችኝ።

አላውቅም። ሳልጠይቅህ ወሰዱህ። አላውቅም አልኳት፤ የረጠበውን አንሶላ በአንድ በኩል ያዘችልኝና አብረን ጨመቅነው። ይቅር አለችኝ አልልህም።

ተስፋዬ፣ በየእሑዱ ስምህን በጸሎት አስጠራለሁ፤ እሱን አላስታጉልም። ለልጅህም ስለ አንተ የማውቀውን ሁሉ፣ የእኔንም ጥፋት ሳልቀንስ፣ በጠየቀችኝ ቁጥር እነግራታለሁ። ደግሜ ዝም አልልብህም።

ሚስትህ አልማዝ