ከመጋረጃው ስር ለተገኘው ጨዋነታችን

ይድረስ ለክቡር የቁምስናችን የአለባበስ ጨዋነት ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ወገብዎና ጉልበትዎ? እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ ካለፈው እሑድ ወዲህ ከሳቅ ብዛት ጎኔን ከማመሙ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኳት ከትእዛዞችዎ ጋር ጎረቤት እንድትሆን ብዬ ነው። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ቅዳሜ የምትዳረው ልጄ እኔ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ በዋናው በር እንድትገባ ይፈቀድልኝ።

፩. ክንዷ ለተገለጠ ሴት ሁሉ በር ላይ የሚያድሉትን መሸፈኛ በተመለከተ፣ ከአዳራሹ አሮጌ መጋረጃ መቆረጡ ብልህነትዎን ያሳያል። ጨዋ ሴት ዓይን አትስብም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ጥቅል ጎመን ለሚያካክለው የመጋረጃው ቢጫ አበባ ግን ትምህርቱ አልደረሰውም። የመጋረጃው ቀለበቶችም ስላልወለቁ፣ አባ ቅዱስ ቁርባኑን ከፍ አድርገው ሁላችን ጸጥ ስንል፣ ሃያ ሴት ቅጭል ቅጭል ትላለች።

፪. ቀሚስ ከቁርጭምጭሚት ከአራት ጣት በላይ እንዳያጥር፣ ያጠረባትም በዋናው በር እንዳትገባ አዘዋል፤ የማን ጣት እንደሆነ ግን አልጻፉም። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ልጄ ቀሚሷን ለብሳ ለምርመራ ብትቀርብ በእርስዎ ጣት አለፈች፣ በቀጭኗ ጸሐፊዎ ጣት ወደቀች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሜትር ስለካ የኖርኩት እኔ ሞኟ!

፫. ይህኛው እንኳ ምስጋና ነው። ዳግመኛ ሊለኩ በርከክ ሲሉ ሱሪዎ ከኋላ እስከ ቀበቶው ድረስ ተተረተረ። እኔም ያንኑ ባለ አበባ መጋረጃ አሸረጥኩዎት፤ ቅጭል ቅጭል እያሉም ሄደው ቆረቡ። አባም ሲያቆርቡዎት ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ጣሪያው ሲያንጋጥጡ ያየ ሁሉ ጸሎት ነው ብሏል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ጨዋነትን አልጠላም። የቅዱስ ቁርባኑን ማደሪያ በመጋረጃ የምንሸፍነው ውስጡ ያለው ክቡር ስለሆነ እንጂ አሳፋሪ ስለሆነ አይደለም፤ የልጄም ገላ እንደዚያው ነው፤ ማደሪያውን ደግሞ በጣት የሚለካ አላየሁም። ሱሪዎ የተቀደደ ጊዜ እነዚያ ሃያ ሴቶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩልዎት። ለእኔ ጨዋነት ማለት ያቺ መዞር ናት። (እኔ አልዞርኩም፤ ስፌቱ ከየት እንደተነሳ በሙያዬ ማየት ነበረብኝ።)

ትእዛዝዎን እስከ ቁርጭምጭሚቷ የምታከብር፣ በመርፌና በክር የምታገለግልዎ፣

የሙሽራዋ እናት

ማሳሰቢያ፦ ባለቤትዎ ማንም ሳያይ ብለው በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡልኝ ሱሪ ተሰፍቶ አልቋል። ቅዳሜ በዋናው በር ስገባ ይዤልዎት እመጣለሁ። ስፌቱ ለጸሎት ለሚንበረከክ ሰው ዕድሜ ልክ ይበረክታል፤ ለመለካት ለሚንበረከክ ግን ኃላፊነት አልወስድም።